በሲሙሌተር ውስጥ የሠራነው አውሮፕላን ማረፊያ ሲበላሽ ከየት እንጀምር?

በበረራ ሲሙሌተር ላይ የራሱን አውሮፕላን ማረፊያ የሠራ ሰው ሁሉ አንድ ቀን ይህ ይገጥመዋል። ማኮብኮቢያው ተሠምሯል፣ ተርሚናሉ ቆሟል፣ መብራቱ ተተክሏል። ሲሙሌተሩ ሲከፈት ግን ወይ ምንም የለም፣ ወይ ተርሚናሉ መሬት ሳይነካ ተንጠልጥሏል፣ ወይ ደግሞ በአውሮፕላን ማቆሚያው መሃል ማንም ያላስቀመጠው ህንጻ ተገትሯል። በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው ፕሮጀክቱን ይከፍትና እጁ የደረሰበትን ሁሉ መነካካት ይጀምራል። የመጀመሪያው ችግር ሳይፈታ ሁለተኛው ይደረብበታል፤ ከዚያ በኋላ የትኛው ከየት እንደመጣ መለየት ከባድ ነው።

ሲሙሌተሩ ማረፊያውን እንደ አንድ ዕቃ አያየውም። በብርሃን አሳላፊ ወረቀት ላይ ተስለው እንደተደራረቡ ሥዕሎች አድርጋችሁ አስቡት፦ ከሥር መሬቱ አለ፣ በላዩ የተነጠፈው አስፋልትና ቀለም፣ በዚያ ላይ ህንጻዎቹና ዕቃዎቹ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ለዓይን የማይታየው የታክሲ መስመሮች መረብ፣ ማለትም አውሮፕላኖች መሬት ላይ የሚሄዱባቸው መንገዶች። እነዚህ ሁሉ ከአንድ ፋይል አይነበቡም፤ ሲሙሌተሩ የሚከተለውም ደንብ ለሁሉም አንድ አይደለም። ስለዚህ ምንም ነገር ከመንካታችሁ በፊት የተበላሸው የትኛው ንብርብር እንደሆነ ለዩ። ይህንን ያወቀ ሰው ሥራው ግማሽ ሄዶለታል ብዬ አምናለሁ።

ከዚህ በታች በዋናነት የምናገረው ስለ ኤክስፕሌን 12 እና ስለ ማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተር ነው። በመጀመሪያው ላይ ማረፊያ የሚሠራው ብዙ ጊዜ ወርልድ ኤዲተር በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ነው፤ በሁለተኛው ደግሞ ሲሙሌተሩ ራሱ በያዘው የዴቨሎፐር ሞድ በኩል።

ጨርሶ የማይታይ ማረፊያ

ምንም ካልታየ ዲዛይኑን አትንኩት። ሲሙሌተሩ ፎልደሩን ገና አላገኘውም ማለት ነውና ጥፋቱ የዲዛይን አይደለም። በኤክስፕሌን የእናንተ ሥራ የሚቀመጠው ከስተም ሲነሪ በሚባለው ፎልደር ውስጥ ነው፤ የማረፊያው ፎልደር ሲከፈት ወዲያው ኧርዝ ናቭ ዳታ የሚል ፎልደር መታየት አለበት። ዚፕ ፋይል ስንፈታ ግን ብዙ ጊዜ ያው ስም ሁለቴ ይፈጠራል፤ የማረፊያው ፎልደር፣ በውስጡ ያው ስም ያለው ሌላ ፎልደር፣ ከዚያ በኋላ ገና ኧርዝ ናቭ ዳታ። ሲሙሌተሩ እዚያ ድረስ ወርዶ አይፈልግም። በማይክሮሶፍቱም ኮሚዩኒቲ በሚባለው ፎልደር ላይ የሚገጥመው ይኸው ነው፤ ማኒፌስት እና ሌይአውት የተባሉት ሁለቱ የጄሰን ፋይሎች በማረፊያው ፎልደር የመጀመሪያ ደረጃ ላይ ካልተቀመጡ ጥቅሉ እንደሌለ ይቆጠራል።

ስለ ሌይአውት ፋይሉ ጥቂት ልጨምር፤ ብዙ ሰው የሚያደክመው እሱ ነው። በውስጡ የጥቅሉ ፋይሎች በሙሉ በስምና በመጠን ተመዝግበዋል። አንድ አዲስ ቴክስቸር፣ ማለትም ዕቃዎች ላይ የሚለበጥ ሥዕል፣ በእጃችሁ ኮፒ አድርጋችሁ ብታስገቡ፣ መዝገቡ ላይ ስሙ ስለሌለ ሲሙሌተሩ አያነሳውም። ፋይሉ ቦታው ላይ አለ፣ ስሙም ልክ ነው፣ ግን አይታይም። መፍትሔው በእጅ መጨመሩን ትቶ ጥቅሉን ከዴቨሎፐር ሞዱ እንደገና መገንባት ነው። ኤዲተሩ ላይ ሴቭ ማድረግ ብቻውን በቂ እንዳልሆነም አስታውሱ፤ ሴቭ የሚያደርገው የፕሮጀክቱን ፋይል ነው፣ በረራ ላይ የሚነበበው ግን ተገንብቶ የወጣው ጥቅል ነው።

የዚህ ተቃራኒም አለ። ፕሮጀክቱን በዴቨሎፐር ሞድ ከፍታችሁ እየሠራችሁ፣ ቀደም ሲል የተገነባው ኮፒ ደግሞ ኮሚዩኒቲ ፎልደር ውስጥ ከተቀመጠ፣ ማረፊያው ሁለቴ ይጫናል። ያጠፋችሁት ህንጻ አልጠፋ ይላል፤ ያንቀሳቀሳችሁት መብራት በሁለት ቦታ ይታያል። እየሠራችሁ ባለበት ጊዜ የድሮውን ኮፒ ከዚያ አውጡት።

ግማሹ ታይቶ ግማሹ ከጠፋስ? ኤክስፕሌን ዓለምን የሚከፋፍለው በአንድ ዲግሪ ኬክሮስና በአንድ ዲግሪ ኬንትሮስ ሰሌዳዎች ነው፤ ከሰሜን ወደ ደቡብ አንዱ ሰሌዳ 111 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። እያንዳንዱ ሰሌዳ በውስጡ ያሉት ህንጻዎችና ዕቃዎች የሚጻፉበት የራሱ ዲኤስኤፍ ፋይል አለው፤ ስሙም የሚሰጠው በደቡብ ምዕራብ ማዕዘኑ ነው። ማረፊያችሁ በሁለት ሰሌዳዎች ድንበር ላይ ካረፈ ህንጻዎቹ በሁለት ፋይሎች ይከፈላሉ፤ አንዱን ብቻ ኮፒ ያደረገ ሰው ግማሽ ማረፊያ ነው የሚያገኘው። ከምድር ወገብ በስተደቡብ ለሚሠራ ሰው ደግሞ ቁጥሩ ያሳስታል፦ ከወገቡ በታች 0.4 ዲግሪ ላይ ያለ ቦታ የሚገባው ዜሮ በሚለው ሰሌዳ ሳይሆን ነጌቲቭ 1 በሚለው ውስጥ ነው።

ማን ከማን ይቀድማል

ከሁሉም በላይ ግራ የሚያጋባው ይህ ክፍል ነው፤ ስለዚህ ረጋ ብለን እንየው።

ኤክስፕሌን ከስተም ሲነሪ ውስጥ ያሉትን ጥቅሎች የሚያነበው ሲነሪ ፓክስ በሚባል ተራ የጽሑፍ ፋይል ቅደም ተከተል ነው። ከላይ የተጻፈው ከታች ያለውን ይቀድማል። አዲስ ጥቅል ስትጨምሩ ሲሙሌተሩ በሚቀጥለው ሲነሳ ከሁሉም በላይ ያስቀምጠዋል፤ ስለዚህ የእናንተ ማረፊያ መጀመሪያ ላይ በትክክል ሲሠራ ቆይቶ፣ ሌላ ጥቅል ባስገባችሁ ማግስት ሊበላሽ ይችላል። ማረፊያው አልተለወጠም፤ የተለወጠው ወረፋው ነው። ፋይሉን በማንኛውም የጽሑፍ ማረሚያ ከፍቶ መስመሮቹን ማቀያየር ይቻላል። ማረፊያዎች ከላይ፣ ከሥራቸው ሰፋፊ ቦታ የሚሸፍኑ ተደራቢዎች፣ ከዚያ የሳተላይት ፎቶ መሬቶች፣ ከሁሉም በታች ደግሞ የመሬት ቅርጽ የሚሰጡ ሜሾች ይቀመጣሉ። ሜሽ ወደ ላይ ከወጣ ከሥሩ ያሉትን ማረፊያዎች ሊውጣቸው ይችላል።

ደንቡ ለንብርብሮቹ አንድ እንዳልሆነ የምታዩት እዚህ ላይ ነው። ማኮብኮቢያው፣ ታክሲዌዩና የታክሲ መረቡ የተጻፉበት የማረፊያ ፋይል አሸናፊ ሁሉን ይወስዳል በሚለው ደንብ ነው የሚሠራው። ሁለት ጥቅሎች አንድ ዓይነት የአይካኦ መለያ (ማረፊያው በዓለም የሚታወቅበት ኮድ) ያለው ማረፊያ ከያዙ፣ ከላይ ያለው ብቻ ሙሉ በሙሉ ይነበባል፤ የታችኛው ከነአስፋልቱ ይተዋል። ህንጻዎችና ዕቃዎች የተጻፉበት ተደራቢ ግን አይሸናነፍም፣ ይደመራል። የሁሉም ጥቅሎች ህንጻዎች አንድ ላይ ይቆማሉ።

የዚህ ውጤት ምን እንደሚመስል ልብ በሉ። ማኮብኮቢያው የእናንተ ነው፣ ማቆሚያው የእናንተ ነው፣ ከታች ባለው ጥቅል የመጣው የቀድሞው ማረፊያ አስፋልት ጠፍቷል። የእሱ ሃንጋር ግን ቀድሞ በነበረበት ቦታ፣ አሁን የእናንተ ታክሲዌይ በሚያልፍበት መሃል ቆሟል። ይህን ሃንጋር ለማጥፋት ወርልድ ኤዲተር ላይ ፈልጋችሁ አታገኙትም፤ የእናንተ ፕሮጀክት ውስጥ የለምና። የሚያጠፋው ኤክስክሉዥን ዞን የሚባለው ነው፤ በዚህ አካባቢ ከእኔ በታች ያሉ ጥቅሎች ያስቀመጡትን ዕቃ አታሳይ የሚል ትእዛዝ።

ዞኑ ራሱም የሚያሳስቱ ነገሮች አሉት። ከራሱ በታች ያሉትን እንጂ ከላይ ያሉትን አይነካም፤ ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ካልተስተካከለ ዞኑን ብታሰፉት ዋጋ የለውም። በዓይነት የተከፋፈለ ነው፤ ዕቃ፣ ፋሳድ (በተሠመረ ዙሪያ ላይ ግድግዳ የሚያቆም ህንጻ)፣ ደን፣ መስመር፣ ፖሊጎን፣ መንገድ እያለ ለየብቻው ምልክት ይደረግበታል። ብዙ የተርሚናል ህንጻዎች የሚሠሩት በፋሳድ ስለሆነ፣ ዕቃ የሚለውን ብቻ የመረጠ ሰው ህንጻው አልጠፋ ሲለው ይገረማል። ቅርጹ ደግሞ ሁልጊዜ ጎኑ ከሰሜን ወደ ደቡብ የተዘረጋ አራት ማዕዘን ነው፣ አይዞርም። ሰያፍ ለሆነ ማኮብኮቢያ አንድ ትልቅ ዞን ብትጥሉ አጎራባቹን መንደርና ጫካ ጠርጋችሁ ታጠፋላችሁ። በማኮብኮቢያው ርዝመት እንደ ደረጃ የተያያዙ ትናንሽ ዞኖችን መደርደር ጊዜ ይወስዳል፤ ውጤቱ ግን በጣም የተሻለ ነው።

በማይክሮሶፍቱ ሲሙሌተር ተመሳሳይ ጥያቄ በሌላ መልክ ይመጣል። ነባሩን ማረፊያ ስትተኩ ከነባሩ ምን ምን ይጥፋ የሚለውን መምረጥ አለባችሁ፤ ማኮብኮቢያ፣ ታክሲዌይ፣ ኤፕረን (የአውሮፕላን ማቆሚያ ሜዳ) እያለ ምርጫው ለየብቻ ነው። ያልተመረጠው ከሥር ይቀራል። ሲሙሌተሩ በራሱ ያበቀላቸው ዛፎችና ቤቶች ደግሞ የሚወገዱት በፖሊጎን ነው፤ ፖሊጎኑ የፈለጋችሁትን ቅርጽ ይይዛል፣ ይህም ከኤክስፕሌን አራት ማዕዘን ይልቅ ሥራውን ያቀልላል።

መሬቱ ሲያብጥና ሲሰምጥ

ማኮብኮቢያው እንደ ማዕበል ከፍ ዝቅ ካለ ጥፋቱ የአስፋልቱ አይደለም። አስፋልቱ የሚነጠፈው ከሥሩ ባለው የመሬት ቅርጽ ላይ ነው፤ ያ መረጃ ሸካራ ከሆነ ሸካራነቱ ወደ ላይ ይወጣል። በኤክስፕሌን ማረፊያው ሁልጊዜ ይደልደል የሚል ምርጫ አለ። ፈጣን መፍትሔ ነው፤ ነገር ግን ተራራማ ቦታ ላይ ባትጠቀሙበት እመርጣለሁ። በእውኑ ዓለም ብዙ ማኮብኮቢያዎች ተዳፋት አላቸው፤ ሁሉን ሜዳ ስታደርጉ በማረፊያው ጠርዝ ላይ ገደል ይፈጠራል፣ የአብራሪውም የማረፍ ስሜት ይጠፋል። በማይክሮሶፍቱ መሬት መደልደያ ፖሊጎን አለ፤ ጠርዙ ወደ ተፈጥሯዊው መሬት በስንት ሜትር ርቀት ይዋሃድ የሚለው ቁጥር ዜሮ ሆኖ ከቀረ ዙሪያውን ግድግዳ ይወጣል። ገደሉን ያያችሁ እንደሆነ መጀመሪያ ያንን ቁጥር ተመልከቱ።

የተንጠለጠለ ወይም የተቀበረ ህንጻ ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። በኤክስፕሌን አንድ ዕቃ መሬት ላይ የሚያርፈው በአንድ ነጥብ፣ ማለትም በመነሻ ነጥቡ ነው። 200 ሜትር የሚረዝም ተርሚናል መሃሉ በልኩ መሬት ቢነካም፣ መሬቱ ተዳፋት ከሆነ አንዱ ጫፍ ይሰምጣል፣ ሌላው ይንሳፈፋል። እንደ ብሌንደር ባለው የ3ዲ ሞዴል መሥሪያ ፕሮግራም ላይ ህንጻው ከወለሉ በታች ወደ መሬት የሚወርድ መሠረት እንዲኖረው ማድረግ ቀላሉ ዘዴ ነው፤ የሚንሳፈፈው ጎን በመሠረቱ ይሸፈናል። ህንጻው ካስቀመጣችሁበት ብዙ ሜትር ርቆ የሚታይ ከሆነ ደግሞ መነሻ ነጥቡ መሥሪያው ላይ ከህንጻው ውጭ ቀርቷል ማለት ነው። ግዙፍ ወይም ጉንዳን የሚያህል ሆኖ ከወጣ መለኪያው ሜትር መሆኑን አረጋግጡ።

የማኮብኮቢያ ቁጥርም እዚህ ላይ ይነሳ። ከሳተላይት ፎቶ ላይ በሚለካ አቅጣጫ ቁጥሩን የሚሰጡ ሰዎች አሉ፤ ያ ግን የእውነተኛው ሰሜን አቅጣጫ ነው። የማኮብኮቢያ ቁጥር የሚወጣው ከማግኔት ሰሜን ነው። ፎቶው ላይ 047 ዲግሪ የሚለካ ማኮብኮቢያ፣ በቦታው የማግኔት ልዩነቱ 4 ዲግሪ ወደ ምሥራቅ ከሆነ፣ የማግኔት አቅጣጫው 043 ነው። ወደ ቅርቡ አሥር ሲጠጋ 04 ይሆናል፣ ሌላኛው ጫፉ 22። በፎቶው የሄደ ሰው 05 እና 23 ብሎ ይጽፋል፤ ከዚያ የአቀራረብ ቻርቱና የበረራ ኮምፒውተሩ ከማረፊያው ጋር አይስማሙም። በታተመው ቻርት ላይ ያለውን ቁጥር ውሰዱ።

የሚብለጨለጭ አስፋልት፣ የማይለወጥ ቀለም

ካሜራው ሲንቀሳቀስ አስፋልቱ ላይ የሚንቀጠቀጡ ጥላዎች ካያችሁ፣ ሁለት ገጽታዎች በአንድ ከፍታ ላይ ተኝተው ሲሙሌተሩ የቱን እንደሚያስቀድም አላወቀም። በወርልድ ኤዲተር ዝርዝር ውስጥ ከላይ ያለው በላይ ይሳላል፤ ቅደም ተከተሉን አስተካክሉ። በማይክሮሶፍቱ ለእያንዳንዱ ኤፕረን የቅድሚያ ቁጥር ስጡት። መስመሩን በጥቂት ሴንቲ ሜትር ከፍ ማድረግ ችግሩን ከቅርብ ይደብቀዋል እንጂ ከሩቅ ሲታይ ተመልሶ ይመጣል።

ቴክስቸር አርማችሁ ለውጡ ካልታየ በኤክስፕሌን አንድ የተለየ ምክንያት አለ። በአንድ ስም ሁለት ዓይነት የሥዕል ፋይሎች፣ ዲዲኤስና ፒኤንጂ፣ ጎን ለጎን ካሉ ሲሙሌተሩ ዲዲኤሱን ነው የሚመርጠው። እናንተ ፒኤንጂውን እያረማችሁ እሱ የድሮውን ዲዲኤስ ያሳያል። የቴክስቸሩ ጎኖች 1024፣ 2048፣ 4096 እየተባለ በእጥፍ በሚያድጉት መጠኖች መሆናቸውንም ተመልከቱ። ግድግዳው ከአንድ ጎን ታይቶ ከሌላው ከጠፋ የገጽታው ፊት ወደ ውስጥ ዞሯል፤ መሥሪያው ላይ ገልብጡት። ሄሊኮፕተሩ ጣሪያው ላይ ከማረፍ ይልቅ ሰንጥቆ ከገባ ደግሞ ገጽታው ጠንካራ ተብሎ አልተመዘገበም።

ዓይን የማያየው መረብ

ማረፊያው ያማረ ሆኖ ሳለ የበረራ ተቆጣጣሪው መንገድ መስጠት ካልቻለ፣ ወይም በኮምፒውተር የሚነዱት አውሮፕላኖች በሣር ላይ ከሄዱ፣ የታክሲ መረቡን ክፈቱ። መረቡ ከተሳለው ቢጫ መስመር ጋር ምንም የሥጋ ዝምድና የለውም፤ ቢጫው ቀለም ነው፣ መረቡ ደግሞ በነጥቦችና ነጥቦቹን በሚያያይዙ መስመሮች የተሠራ ለብቻው የሚቆም ነገር ነው።

አዘውትሮ የሚገጥመው ጥፋት መቋረጥ ነው። ሁለት ታክሲዌዮች ሲተላለፉ በስክሪኑ ላይ መስመሮቹ ተቆራርጠው ይታያሉ፤ በመገናኛው ላይ የጋራ ነጥብ ከሌለ ግን ለሲሙሌተሩ አልተገናኙም። ከዚህ የባሰው ደግሞ ሁለት ነጥቦች በግማሽ ሜትር ተጠጋግተው አንድ ሲመስሉ ነው። በዓይን መለየት አይቻልም። ነጥቡን በማውዝ ይዛችሁ ጥቂት ጎትቱት፤ ሊከተሉት የሚገቡት መስመሮች ሁሉ አብረው ከመጡ ተያይዟል፣ አንዱ በቦታው ከቀረ መቋረጡን አገኛችሁት። መልሱና ነጥቦቹን አዋህዱ። ትልቅ ማረፊያ ላይ ይህን ከማኮብኮቢያው ጫፍ ጀምሮ ወደ ማቆሚያዎቹ በቅደም ተከተል መሥራት አሰልቺ ነው፤ ግን ሌላ ምንም ነገር ይህን ያህል ችግር በአንዴ አይፈታም።

በኤክስፕሌን ማኮብኮቢያው ራሱ የመረቡ አካል ሆኖ በስሙ መመዝገብ አለበት፤ ወደ እሱ የሚያስገቡት መስመሮችም ፈቃድ የሚጠየቅባቸው መሆናቸው ምልክት ይደረግባቸዋል። ይህ ከተዘነጋ አውሮፕላኖቹ ሳይጠይቁ ማኮብኮቢያውን ያቋርጣሉ። በማይክሮሶፍቱ እያንዳንዱ ማቆሚያ በራሱ መንገድ ከመረቡ ጋር መታሰር አለበት፤ ያልታሰረ ማቆሚያ ላይ የቆመ አውሮፕላን የታክሲ መንገድ አያገኝም።

ጥፋተኛውን ማግለል

ሲሙሌተሩ ሲጫን ከተዘጋ ወይም ጥፋቱ የየትኛው ጥቅል እንደሆነ ካልታወቀ፣ ኤክስፕሌን በዋናው ፎልደሩ ውስጥ ሎግ የሚባል የጽሑፍ ፋይል ይተዋል። በየመነሻው እንደ አዲስ ስለሚጻፍ ሲሙሌተሩን መልሳችሁ ከማስነሳታችሁ በፊት ኮፒ አድርጋችሁ አስቀምጡት። የጎደለ ዕቃ ካለ የፋይሉ ስምና የጠራው ጥቅል አብረው ይጻፋሉ። የመጨረሻው መስመር ላይ የሰፈረው ግን ሁልጊዜ ጥፋተኛው አይደለም፤ ከመዘጋቱ በፊት በመጨረሻ የተመዘገበው እሱ ነው ማለት ብቻ ነው።

ሎጉ ካልረዳ በግማሽ በግማሽ ማጣራት አለ። ሲነሪ ፓክስ ፋይሉ ውስጥ በየጥቅሉ መስመር መጀመሪያ ላይ ያለውን SCENERY_PACK የሚል ቃል SCENERY_PACK_DISABLED በሚለው ቀይሩት፤ ጥቅሉ ሳይሰረዝ ይቆማል። ግማሹን አቁሙና አስነሱ። ችግሩ ከቀጠለ ጥፋተኛው ከቀሩት ውስጥ ነው፣ ከጠፋ ከቆሙት ውስጥ። 64 ጥቅል ያለው ሰው አንዱን ጥፋተኛ በስድስት ሙከራ ያገኘዋል፤ አንድ በአንድ የሚያወጣው ግን እስከ 63 ጊዜ ማስነሳት ሊኖርበት ይችላል። ፕሮጀክታችሁ ውስጥ ላሉት ዕቃዎችም ይኸው ይሠራል፤ ግማሹን ህንጻ ደብቃችሁ ኤክስፖርት አድርጉ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ፣ ከመቀየራችሁ በፊት ደግሞ የፕሮጀክቱን ኮፒ አስቀምጡ።

ለሌላ ሰው ከመስጠታችሁ በፊት

በእናንተ ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ ማረፊያ በሌላው ላይ ሊወድቅ ይችላል። የመጀመሪያው ምክንያት ላይብረሪ ነው። የተጠቀማችሁባቸው ዛፎች፣ መኪኖችና አጥሮች ከሌላ ጥቅል የተወሰዱ ከሆኑ ያ ጥቅል የሌለው ሰው ጋር አይታዩም። ለዚህ የሚሆነው ፈተና ከስተም ሲነሪን ለጊዜው ባዶ አድርጎ ማረፊያውንና በመግለጫው ላይ ስማቸውን የጻፋችሁላቸውን ላይብረሪዎች ብቻ ማስገባት ነው። አንድ ዕቃ ከጎደለ ስሙ መግለጫው ላይ ያልተጻፈ ላይብረሪ አለ ማለት ነው።

ሁለተኛው የፋይል ስም ነው። ዊንዶውስ በእንግሊዝኛ ትልቅና ትንሽ ፊደል መካከል ልዩነት አያደርግም፣ ሊኑክስ ግን ያደርጋል። ዕቃው ቴክስቸሩን በትንሽ ፊደል እየጠራ ፋይሉ በትልቅ ፊደል ከተሰየመ፣ ዊንዶውስ ላይ ያለ ምንም ቅሬታ ይከፈታል፤ ሊኑክስ የሚጠቀመው ሰው ግን ህንጻውን ያለ ቴክስቸር ያየዋል። ከመጀመሪያው ፋይል ጀምራችሁ ሁሉንም በትንሽ ፊደል፣ ክፍት ቦታ ሳታስገቡ ሰይሙ።